ውሃ የቋጠረ መብራት

እንጅባራ ላይ ዝናቡ ግንቦት ውስጥ ይጀምርና፣ ሌላው አገር መስቀልን አክብሮ ፀሐይ ሲሞቅ እኛ ገና ጭቃ እንረግጣለን። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ዳንግላም ዝናብ አጥታ አታውቅም፤ እንደዚህ ሲያላዝን የሚውል ዝናብ ያየሁት ግን እዚህ ካገባሁ በኋላ ነው። ሰው ስለ ልምላሜው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ያውራ። እኔ ያንን ዝናብ እጠላዋለሁ። የምጠላውም በጭቃው ሳይሆን በአንድ ጥንድ የመኪና መብራት የተነሳ ነው።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ አንዲት አሮጌ መኪና የራሱ አደረገ። ከአዲስ ቅዳም ከሰል፣ ከጥሊሊ ድንች ጭኖ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ያራግፋል። የምንበላው፣ ልጆቹ የሚማሩት፣ እናቱን የምንጦረው በዚያች መኪና ነበር። መሬት የለን፣ ሱቅ የለን። እሱ ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛው ላይ አንድ ነገር ሳያይ ካለፈ ያለቀልን ነን። ይህን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን አልነበረም፤ ለእሱ ግን ተናግሬው አላውቅም።

መኪናዋ ስትገዛ አብሯት የመጣው የፊት መብራት ጠብታ አያስገባም ነበር። ያንን ያሳጣን የዳንግላ ጋሪ ነው። እናቴን ልንጠይቅ አብረን ሄድን፤ ገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በሰውና በፈረስ ተጨናንቋል። እኔ ጭኔ ላይ ያለውን ዕቃ አስተካክላለሁ። ባሌ ወደ ግራ ሲታጠፍ ቋ የሚል ድምፅ ሰማን። የጋሪው እንጨት የግራውን መብራት አድቅቆታል። ባሌ ወርዶ ባለጋሪውን አንገቱን ያዘው።

«ከየት መጣህ? ከመሬት በቀልክ?»

«ኧረ እኔ ቆሜ ነው» አለ ባለጋሪው። «ፈረሴን ውሃ እያጠጣሁ እኮ ነው የመታኸኝ።»

ባልዲው እዚያው ነበር፤ ፈረሱም ከንፈሩ እንደራሰ ነው። ማን ያምነዋል። እኔም ወርጄ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። ባሌ ያን ያህል ዘመን ሲነዳ ዶሮ እንኳን ገጭቶ አያውቅም፤ ባለጋሪ ደግሞ እንዴት እንደሚነዳ ለእኔ ለዳንግላ ልጅ አይነገረኝም።

የተሰበረው አንዱ ብቻ ነው። እሱ ግን አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሆኖ ማየት አልወደደም፤ ደህናውን ለመለዋወጫ ሻጩ ሰጥቶ፣ ገንዘብ ጨምሮ፣ ሁለት አዲስ ኮፒ፣ አስመስለው የሚሠሩትን ርካሽ ዕቃ፣ ገዝቶ መጣ። ወደ ሰማያዊ የሚሄድ፣ የሚያብለጨልጭ መብራት። መኪናዋ የተኳለች መሰለች። ሁለት ቀን ሙሉ እየዞረ ሲያያት ነበር።

የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ በመጣ ማግስት መስታወቱ ከውስጥ አላበው። በሳምንቱ ሥሩ ላይ ውሃ አቆረ፤ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ውሃው ሲናጥ ይታያል። ጎረቤቶቻችን በቀርከሃው አጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው «ዓሣውን መቼ ነው የምታወጡት?» ይሉናል። እኛም እንስቃለን። በዚያን ጊዜ መሳቅ ይቻል ነበር።

ጋራዥ ወሰደው። እዚያ ያለው ሰውዬ ውስጡን ሳያደርቅ ዳር ዳሩን ሲልከን የሚሉትን ሙጫ ለቀለቀበት። ውሃው እንዳይወጣ አሽጎ ላከልን ማለት ነው። እኔ ይህን ሳይ ደሜ ፈላ።

«ፍታና አምጣልኝ» አልኩት ባሌን።

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው መካኒክ የሆንሽው?»

«ከዚያ ሰውዬማ አላንስም።»

እናቴ ዳንግላ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እየሠራች ነው ያሳደገችን። እጄ ሰም ለምዷል፤ ሰም ውሃ እንደማያሳልፍም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። መብራቱን ከሰል ምድጃ አጠገብ አድርቄ፣ መስታወቱና ጀርባው የተጣበቁበትን ክፈፍ ዙሪያውን በሰም ሞላሁት። እንጅባራ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰሙ ድንጋይ ሆነ። ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድበት ሰንብቶ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ባሌ ለጓደኞቹ ሁሉ አወራልኝ። ከዚያ ከሰል ጭኖ ዓባይ በረሃ ወረደ። ከጎሐ ጽዮን ስልክ ደወለ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነበር።

«ሰምሽ ቀለጠ» አለኝ። «መኪናዋ ፂም አብቅላለች። እዚህ ደግሞ ዝናብ ነው።»

ሁለታችንም ስለ እንጅባራ ዝናብ ብቻ አስበን የዓባይን ሙቀት ረስተነው ነበር። እሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ያንን መንገድ በእንዲህ ያለ መብራት እንዴት እንደሚመለስ ሳስብ አደርኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከልቤ ያዝኩት። የፈላ ውሃ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ክፈፉን ሸፍኜ ሙጫውን አለሰልሳለሁ፤ በቢላዋ ቀስ ብዬ መስታወቱን አነሳለሁ፤ አሮጌውን ሙጫ ፍቄ አወጣለሁ፤ አድርቄ አዲስ ሲልከን እሞላና ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ በተቀደደ ቁራጭ ጠፍሬ አሳድረዋለሁ። ከጀርባው አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነበረችው። ውሃው የሚገባው በዚች ነው ብዬ እሷንም ደፈንኳት። ባሰበት። ስንጥቅ ሳይኖረው ውስጡ በላብ ይታጠብ ጀመር። አምፖሉ ሲበራ ውስጡ ይሞቃል፤ ያለችው ትንሽ እርጥበት መውጫ ታጣና መስታወቱ ላይ ትቀመጣለች። ይህን የነገረኝ የለም፤ ስበሳጭና ስፈታ ገባኝ። ቀዳዳዋን መልሼ ከፍቼ፣ አፏ ወደ ታች እንዲሆን ቁራጭ ቱቦ ሰካሁባት። መብራትም መተንፈስ አለበት።

መጨረሻ ላይ ጎሚስታ የተነፈሰ ጎማ እንደሚፈትሸው እንፈትሸዋለን። ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ መብራቱን እሱ ደፍቆ ይይዛል፤ እኔ በቱቦው እነፋለሁ፤ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እሱ ያሳየኛል። ያ ከልጆቹ ጫጫታ ርቀን ሁለታችን ብቻ የምንሠራው ሥራ ስለነበር ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ጉንጬ እስኪዝል ነፋሁ።

«ደህና ነው፣ ምንም የለውም» አለኝ።

ቱቦውን ከአፌ ሳላወጣ አጎንብሼ አየሁ። ከአንዱ ጥግ አረፋው ተከታትሎ ይወጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ አይንህ የት ነው ያለው?»

«ውሃው ደፍርሶብኝ ነው» አለ።

ውሃው የጣሪያ ውሃ ነበር፤ የሳፋው ሥር ያለው ጭረት ሳይቀር ይታያል። ነገሩን ግን ልብ አላልኩትም። ደክሞት ይሆናል ብዬ ያንን ጥግ ደፍኜ ተነሳሁ።

ያ የመጨረሻው ነበር። ከዚያ በኋላ መብራቱ ውሃ አላስገባም። ሐምሌ መጥቶ ሄደ፣ ነሐሴ መጣ፤ መስታወቱ ጥርት እንዳለ ነው። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። እሱ ግን ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር «አሁንም አለው» ይለኛል።

«ምኑ ነው ያለው?»

«ውሃው። ሲመሽ ከፊቴ ጉም ነው። ብርሃኑ ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል፤ እንደ ቀስተ ደመና።»

ፈታሁት። ውስጡ እንደ ዱቄት ደርቋል። መልሼ ገጠምኩት። በሳምንቱ ያንኑ አለኝ፤ ደግሜ ፈታሁት። ያን ክረምት ያንን ደረቅ መብራት ስንቴ እንደፈታሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እሱ ሲናደድ በአገውኛ ነው የሚያጉረመርመው፤ እኔ ደግሞ ከቋንቋው አጥርቼ የማውቀው ስድቡን ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ተጣላን። ሥራዬን የናቀብኝ መሰለኝ።

አንድ ቀን ከቡሬ ተመልሶ፣ ገና ራት ሳይቀርብ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማውን እየፈታ እንዲህ አለኝ፦

«ዘንድሮ የመጣው መብራት ሁሉ አንድ ነው። ከፊት የሚመጣው ሁሉ ውሃ የገባበት ነው። አውቶቡሱም፣ ሚኒባሱም፣ ባጃጁ ሳይቀር።»

ሳቅሁ። «አገሩ ሁሉ አንተ የገዛህበት ሱቅ ነው የገዛው?» አልኩት። ይህን ብዬ ሳልጨርስ ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ቤታችን ጣሪያ ላይ አንዲት አምፖል ተንጠልጥላ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ቤት አምፖል።

«እስቲ ይቺን እያት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየ። ብዙ አየ። ጫማውን በአንድ እጁ እንደያዘ ነው።

«እሷም» አለ።

ከዚያ ወዲያ ምን እንደተነጋገርን አላስታውስም። የማስታውሰው በማግስቱ እንደገና መሄዱን ነው። ድንች ተጭኗል፤ ድንቹ ይበሰብሳል። «ቀን ቀኑን እነዳለሁ» አለ። በሩ ላይ ቆሜ መኪናዋ ጉሙ ውስጥ ስትገባ አየሁ። አምላኬን ምን ብዬ እንደምለምነው ጠፋኝ። ከዚያች ቀን በፊት የምፈራው መብራቱን ነበር። መብራት ይፈታል፣ ይደርቃል፣ ይታሸጋል። አሁን የምፈራውን በየትኛው ቢላዋ እንደምከፍተው አላውቅም ነበር።

በደህና ሲመለስ ለእናቱ ነገርናቸው፤ ጠበል ይሂድ አሉ።

«እማዬ፣ ሐኪምም ይየው» አልኳቸው።

«ማን ከለከለሽ ልጄ፤ ከጠበሉ በኋላ ይየዋላ» አሉኝ።

ሰባት ቀን ተጠመቀ። እኔም አብሬው ቆሜ ያ ቀዝቃዛ ውሃ አይኑ ላይ ሲፈስ እያየሁ፣ ውሃ ይብቃው፣ ውሃ ይብቃው እያልኩ በልቤ አለቀስኩ። ከዚያ ባሕር ዳር ይዤው ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት። ብዙ ጊዜ ወስዶ አየውና ቁጭ ብሎ አስረዳን። አይን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭ ንጹሕ ውሃ አለ፤ የሚወጣበትም ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ሲዘጋ ውሃው ውስጥ ይጠራቀምና ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ ደግሞ ከጀርባ ያለውን ነርቭ ይገድለዋል። የሞተው አይመለስም። የቀረችውን ብርሃን ለማቆየት የአይን ጠብታ እንሰጣለን፤ ምን ያህል እንደምትቆይ ግን ቃል አልገባም አለ። ሰው ያልገባውን ነገር ቢያንስ መካድ ይችላል። እኔ ግን ገባኝ፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ገባኝ፤ ያንን ሐኪም ለምን ገባኝ ብዬ ልጮህበት ቃጣኝ።

«ከጎን በኩል የሚመጣ ነገር አልታይ ይልዎት ነበር?» ብሎ ጠየቀው። «በሩን መግጨት፣ ሰው ጋር መላተም?»

እኔ የዳንግላው ባልዲ፣ የፈረሱ የራሰ ከንፈር ታየኝ። ሰውዬው ቆሞ ነበር። ፈረሱን ውሃ እያጠጣ ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ መብራት፣ ያ ሁሉ ሰም፣ ያ ሁሉ ክረምት የመጣው ከአይኑ ነው፤ እኛ ግን በመስታወት ላይ ስንፈልገው ከረምን።

«አንድ ጊዜ» አለ ባሌ በመጨረሻ። «አንድ ጋሪ።»

መሪውን ለሌላ ሹፌር ሰጠን። ሌላ ሰው የሚነዳት መኪና ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ጠብታው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ እንጅባራ ይጠፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ይገኝና እሱ ራሱ «ምን ይሠራል» ብሎ ይተወዋል። ደጁ ላይ ተቀምጦ የመንገዱን ድምፅ ያዳምጣል፤ የትኛው መኪና ማርሽ እንደሳተ ይነግረኛል። መጀመሪያ ቀለበቱ ጠፋለት፤ ደስ አለን። ደስ ማለት አልነበረብንም፤ ቀለበቱ የጠፋው ብርሃኑ አብሮ ስለጠፋ ነው። በሁለተኛው ክረምት መኪናዋን ለመሸጥ ተስማማን።

ገዢው ከአዘና መጣ። ከጥዋት ጀምሮ ያካፋል፤ ጉሙ እስከ አጥራችን ወርዷል። ሰውዬው ጎማውን ረገጠ፣ ሞተሩን አስነስቶ ሰማ፣ ከዚያ ፊቷ ቆመና መብራቱን በእጁ ጠረገ።

«ይሄ ኮፒ አይደለም እንዴ? በዚህ ዝናብ እንዴት እንዲህ ጠራ?»

«የእሷ እጅ ነው» አለ ባሌ፤ ኩራት በድምፁ አለ። የጠቆመው ግን እኔን ሳይሆን ከጎኔ ያለውን የቀርከሃ አጥር ነበር። ገዢው አየና አቀረቀረ።

ሰውዬው መኪናዋን ወደ ኋላ እየነዳ ከግቢ አወጣት። ፊቷ ወደ እኛ ነበር። ጉሙ ስለከበደበት መብራቱን አበራ፤ ሁለቱም መብራቶች ፊታችን ላይ በሩ፤ እኔ በእጄ አይኔን ጋረድኩ። ባሌ አጠገቤ ቆሟል። አይኑን አልጨፈነም።

«መብራቱን አበራው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ውሃ አለው?»

«የለውም። ደረቅ ነው።»

«ጎሽ» አለ። መኪናዋ ዞራ ከሄደችም በኋላ ፊቱን ከዚያ አልመለሰም።