ሐይቁ ዳር የተተከለው የእድር ድንኳን

መምህር አመዩ ጊንጪ ከተማ ሃያ ዓመት ያህል ጂኦግራፊ ሲያስተምር ስለ ሐይቅ ያልተናገረው ነገር የለም። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ አፉ ሰርጉዶ፣ ዝናብ ሞልቶት እንዴት ሐይቅ እንደሚሆን ዓይኑን ጨፍኖ በጠመኔ ይስለዋል። የራሱን አገር የደንዲን ሐይቅ ግን ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያንንም ለቀብር ሲሄድ፣ ከሩቅ፣ በችኮላ።

አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ከሐይቁ የተመለሱ ሁለት ፈረንጆች አገኘ። ውሃው ዳር ድንኳን ተክለው ሰንብተዋል።

«ምን ስትሠሩ?» አላቸው።

«ምንም። ወፍና ጦጣ ስናይ።»

ነገሩ አመዩን እንቅልፍ ነሳው። ተምሯል፣ አስተምሯል፣ ልጆች ድሯል፤ ምንም ሳይሠራ የዋለበት ቀን ግን ትዝ አላለውም።

«ጣቢታ፣ እኛም ሐይቁ ዳር ሄደን እንደር» አላት ሚስቱን። ጣቢታ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት።

«ዘመድ አለን እንዴ እዚያ?»

«የለንም።»

«ታዲያ ማን ጋ ነው የምናድረው?»

«ማንም ጋ! ነገሩ እሱ ነው እኮ!»

ጣቢታ ግንባሩን በመዳፏ ዳሰሰች። ትኩሳት እንደሌለው ስታረጋግጥ እሺ አለች።

የቀረው ድንኳን ነበር። አመዩ የሰፈሩ እድር ንብረት ያዥ ስለሆነ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እሱ ኪስ ነው። «ለሁለት ቀን ብዋሰው ማን ይሞትብኛል?» አለና አወጣው።

በ2001 ዓ.ም. የጥር ወር መጨረሻ፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ታርሞ እንዳለቀ፣ ድንች ሊጭን ወደ ተራራው በሚወጣ አይሱዙ ተሳፈሩ። ተራራው አናት ላይ የገበያ ቀን ነበርና ጣቢታ «አንተ ቅደም፤ እኔ ድንችና ሽንኩርት ገዝቼ በፈረስ እደርስብሃለሁ» አለችው። አመዩ ድንኳኑን በአህያ አስጭኖ ቁልቁል ወደ ውሃው ወረደ። ባለ አህያዎቹ የብረቱን ቋሚና ሸራውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንገታቸውን ደፍተው ተከሉለት፤ ሒሳባቸውንም በግድ ነው የተቀበሉት። ከዚያ የመምህር አመዩን ነገር በየመንደሩ እየተናገሩ ሄዱ።

ሐይቁ ሰማዩን ገልብጦ ተኝቷል። ዛፉ ላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለዋል፤ ዳክዬዎች ውሃውን እየሰነጠቁ ያልፋሉ። አመዩ መቶ ሰው በሚያስቀምጥ፣ ጎኑ ላይ «የላይኛው ሰፈር መረዳጃ እድር» ተብሎ በተጻፈበት ድንኳን አፍ ላይ ብቻውን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ምንም ሳይሠራ ጥቂት ቆየ። ደስ አለው።

ወዲያው ከወደ ላይ ጩኸት ተሰማ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጋቢ የደረቡ ወንዶች ንፍሮ ይዘው እየተግተለተሉ ወረዱ። አለቀሱ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ። አመዩም የእድር ሰው ነውና ልምዱ ቀደመውና «ቁጭ በሉ፣ ግቡ ወደ ውስጥ» ሲል ተገኘ። ነገሩ የገባው ድንኳኑ ግማሽ ከሞላ በኋላ ነው።

«ኧረ እኔ ቤት የሞተ ሰው የለም!» አለ።

ኦቦ ጂራ የሚባሉ ሽማግሌ ትከሻውን ያዙት። «ልክ ነህ ባርሲሳ፣ መምህር። መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ጀባዹ፣ በርታ።»

«ለመዝናናት ነው የመጣሁት!»

ይህን ሲል ልቅሶው እንደገና ጋለ። «ራሱን አዞረው!» አሉ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ።

«ባለቤትህስ?» አሉት ጂራ ቀስ ብለው።

«ከኋላ እየመጣች ነው። በፈረስ።»

«በፈረስ?» አሉ ጂራ ተቆጥተው። «ምን በድላ ነው በፈረስ የምትጫነው? እኛ ሳንሞት?» ወዲያው ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን በሩጫ ወጡ።

መንገድ ላይ ፈረስ ላይ ሆና ብርቱካን የምትልጥ ሴት አገኙ።

«እቴ፣ አስከሬን አላለፈሽም?»

«የማን?»

«የባርሲሳ አመዩ ሚስት።»

ጣቢታ የጎረሰችውን ዋጠች። «የአመዩ ሚስትማ እኔ ነኝ።»

ጎረምሶቹ ተያዩ። ባዶ ቃሬዛ ይዞ መመለስ ደግሞ ደስ አይልም። ስለዚህ ድንቿን ጫኑበት፣ ጋቢ አለበሱት፣ ከፈረሱ ኋላ ተከተሉ። ከታች ያለው ለቀስተኛ ቃሬዛውን ሲያይ እሪታው ሐይቁን ተሻግሮ ተሰማ፤ ጉሬዛዎቹ ሳይቀሩ ጫካ ገቡ። ጋቢው ሲገለጥ ግን ድንች ሆነ።

ሰው ሁሉ አመዩ ላይ አፈጠጠ። ከዚህ ሁሉ ዓይን ጣቢታ አዳነችው፤ ወደ መሐል ገብታ «እዚህ ድረስ መጥታችሁ ያለቀሳችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ሳልሞት ወዳጆቼን አወቅኩ» ብላ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ቁጣው በረደ።

ጂራ ግን በዚህ አላበቁም። «የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ሰው ሳይለቀስበት ቢነቀል ሌላ ሰው ይጎትታል» አሉ። ይህን ደንብ ከዚያ በፊት የሰማው ሰው አልነበረም፤ ሊሟገት የደፈረም ግን አልተገኘም። ሁሉም ለማን እንደሚለቀስ ግራ ገብቶት ሲተያይ፣ ከጥግ ኦቦ ኢዶሳ የሚባሉ አዛውንት ተነሡ።

«ልጅ የለኝም፣ ሚስቴም ቀድማኛለች» አሉ። «ስሞት ማን እንደሚመጣ አላውቅም። ለእኔ አልቅሱልኝ። ጆሮዬ ሳይደፈን ልስማው።»

መሐል ላይ አስቀመጧቸው። ባየሽ የምትባለው አልቃሽ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ኢዶሳ፣ የዳማው ፈረስ ጌታ!»

«ቡላ ነው» አሉ ኢዶሳ። «ዳማው የወንድሜ ነበር።»

«የቡላው ፈረስ ጌታ! ሰው ያልበደለ፣ ድንበር ያልገፋ!»

እዚህ ላይ ጂራ በኃይል ሳሉ።

«አንተ ደግሞ!» አሉ ኢዶሳ። «ሰው ሲሞት ድንበር አይነሣም!»

«እውነት ነው» አሉ ጂራ አፍረው፣ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ከሁሉ ይልቅ ምርር ብለው አለቀሱ። ኢዶሳም የገዛ ልቅሷቸውን ሰምተው አለቀሱ። አመዩ ለለቀስተኛው ራት ድንችና ሽንኩርት ሲልጥ፣ ዕንባው የሽንኩርቱ ይሁን የኢዶሳ ለይቶ ማወቅ አቃተው።

ሐዘንተኛን ብቻውን ጥሎ መሄድ ነውር ነውና ሁሉም እዚያው አደሩ። ጠዋት አመዩ በተኙት መሐል እየተረማመደ ሲወጣ ኢዶሳ ውሃው ዳር ተቀምጠዋል። ጉሙ ከሐይቁ ላይ እየተገፈፈ ነው። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አሁን ምን እየሠራህ ነው?» አሉት።

«ምንም።»

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ጊንጪ ሲመለሱ ግን ግቢያቸው በሰው ተሞልቶ ጠበቃቸው። የጣቢታ መርዶ ቀድሟቸው ደርሷል፤ እድርተኛው ድንኳን ሊያወጣ የዕቃ ቤቱን በር ሰብሮ፣ ድንኳኑን አጥቶ፣ ለሟቿ ይዘን ወይስ ሌባ ይፈልግ ቸግሮታል። ጣቢታ ከአይሱዙው ስትወርድ የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ድንኳኑ ነበር።

አመዩ ቁልፉን አስረከበ። ኢዶሳ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ቀበሌ ለእርከን ሥራ ሲጠራቸው «እኔ ተለቅሶልኛል» እያሉ አይወጡም፤ የሚከራከራቸውም አልተገኘ። አመዩና ጣቢታ በየዕረፍቱ ይሄዱላቸው ጀመር፤ የሚያድሩትም እሳቸው ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ወንዶች ውሃው ዳር ይቀመጣሉ። ጣቢታ ትተኛለች።