የሐውልቱ ጫማ ማሰሪያ

እርጥብ ጭቃና የጫማ ቀለም አብረው ሲሸቱ ታውቃለህ? እኔ እስካለፈው ክረምት ድረስ አላውቅም ነበር። ለድሮው የመኮንኖች ማሰልጠኛችን እዚህ ጎንደር ላይ መታሰቢያ ሐውልት የምትሠራልን ቀራፂ የጭቃውን ምስል አቁማ፣ ከአንድ ጡረተኛ ያገኘችውን አሮጌ ቡትስ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ማሰልጠኛው ሲዘጋ እሷ ገና አልተወለደችም።

"ጋሼ፣ ፊቱን እንደምንም አወጣሁት" አለችኝ። "ስለ ጫማው ማሰሪያ ግን ሁሉም 'የእኛ ልዩ ነበር' ይለኛል እንጂ የሚያሳየኝ አጣሁ።"

ጎንበስ አልኩ። መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ የማላስታውስ ሰውዬ፣ እጄ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልሳተም። ማሰሪያው በአግድም በአግድም እንደ መሰላል ወጣና ጫፉ በጎን በኩል ተወተፈ። "ማን አስተማረዎት?" ስትለኝ "እንዲሁ የኮርሳችን ነው" አልኳት። ዋሸሁ።

ያስተማረኝ አልጋው ከአልጋዬ ጎን የነበረ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከትክል ድንጋይ የመጣ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ወር ጫማው እግሬን ልጦኝ ሳነክስ አይቶ ሳቀብኝና ማሰሪያዬን ፈታ። ከዚያ የበቅሎ ጭነት በሚያስርበት ዘዴ መልሶ አሰረልኝ። "እንዲህ ነው ሸጋ! ጭነትም እግርም ሲጠላለፍ ይቆስላል" አለኝ። አሰልጣኛችን ሲያይ ይቀጣዋል ብለን ስንጠብቅ፣ ኮርሱ በሙሉ እንደዚያ እንዲያስር አዘዘ።

ሌላም ልማድ ነበረን። እሁድ ከተማ ውለን እንገባና አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስም ይጠራል። የዘገየ ካለ፣ ጎኑ የሚተኛው ድምፁን ለወጥ አድርጎ "አቤት!" ይልለታል። የሚጠራው መኮንን ዓይኑን ከወረቀቱ አያነሳም፤ እሱም በጊዜው ሰልጣኝ ነበር። እኔ ከአንዲት ተማሪ ጋር ወሬ ይዤ ሁለት ጊዜ ዘግይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመለሰልኝ ያ ልጅ ነው።

ምረቃችን ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ጠዋት፣ እናቱ መታመሟን የገበያ ሰው ነገረው። ከከተማ መውጣት ደግሞ ክልክል ነው።

"በእህል ማኪና ደርሼ እመለሳለሁ። ከዘገየሁ አደራ፣ 'አቤት' በልልኝ" አለኝ።

"ሂድ፣ ምን ችግር አለ" አልኩት።

ችግሩ ከሰዓት በኋላ መጣ። ለሌላው ሲመልስ የተገኘ አብሮ ይባረራል ተብሎ ተነገረን። ሜዳው ላይ ተሰለፍን። ሣሩ ዝናብ ጠጥቶ ይሸታል፤ ፀሐይዋ ዓይናችን ውስጥ ትገባለች። ስሙ ተጠራ። ዓይኔን ሣሩ ላይ ተከልኩ። ሁለተኛ ተጠራ። አባቴ ለምረቃዬ የሚለብሰውን ካፖርት አዘጋጅቶ ነበር፤ እኔም ያንን ካፖርት አሰብኩ። መኮንኑ ሦስተኛ ጊዜ ጠራ፤ ያኔም ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። አሁን ሳስበው እኔን እየጠበቀኝ ነበር። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ ፈራሁ፣ ለእናቱ የደረሰው ግን እሱ ነው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እያለከለከ ደረሰ። የት ነበርክ ሲሉት እውነቱን ተናገረ። ከዚያ ወደ መኝታችን ገብቶ በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ አልጋዬ ላይ አኖረ። "እናቴ ነች፤ ጎንህ ለሚተኛው ልጅ ስጥልኝ ብላ" አለኝ። ቀጥሎም ፊቴን አየና "ምነው?" አለኝ።

በሳምንቱ ተባረረ። ቡትሱን ለግምጃ ቤት መልሶ በሸራ ጫማው ሲሄድ እስከ በሩ እንኳ አልሸኘሁትም። ዳቦ ቆሎውን ግን በላሁት፤ ይህንን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

ሐውልቱ ሲታሰብ የድሮ ጓዶቼ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። ከሥሩ ባለው ድንጋይ ላይ የሚቀረጸው የተመራቂዎች ስም ሲዘጋጅ፣ እንደምንም ደፍሬ "አንድ ያልተመረቀ ልጅ ነበር፤ ቢገባስ?" አልኩ። ሰብሳቢያችን መነጽሩን አውልቆ "ለምን ተባረረ?" አለኝ። ይኸው፣ ጠጉሬ ሁሉ ነጥቶ፣ የሚያባርረኝ በሌለበት፣ "አላስታውስም" አልኩት። ስሙ ቀረ። በማግስቱ ትክል ድንጋይ ወጥቼ ገበያው ውስጥ ጠየቅሁ። አንድ እህል የሚሰፍር ሽማግሌ "ምነው አያ፣ አሁን ነው የምትፈልገው? ካረፈ ሰነበተ እኮ" አለኝ።

ሐውልቱ የተመረቀ ዕለት ሽማግሌዎቹ ከሐውልቱ ፊት ተሰለፍን። ሰብሳቢው እንደ ድሮው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስም ይጠራ አለ፤ ለሞተው ጎኑ ይተኛ የነበረው ይመልስለታል ተባለ። ስም በተጠራ ቁጥር የደከመ "አቤት" ከዚህም ከዚያም ይሰማል፤ አንዱ ለሁለት ሰው መልሶ አለቀሰ። የእኔም ተጠራ፤ መለስኩ። ቀራፂዋ ከዳር ቆማ ወደ ሐውልቱ እግር እያመለከተች ፈገግ አለችልኝ። ማሰሪያው በአግድም፣ ጫፉ በጎን ተወትፎ፣ ነሐስ ሆኖ ቆሟል።

ዝርዝሩ አለቀ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ሰዉም ለፎቶ ተጠጋጋ። እኔ ብቻ ከቦታዬ ሳልንቀሳቀስ ቀረሁ። ድምፄን ለወጥ አድርጌ፣ አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። የዚያን ልጅ ስም የሚጠራ አልነበረም።