ከሪፖርቱ የወጡት ቴፖች

ያንን ሪፖርት አልልክም ያልኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዛሬም ቢሆን አልልከውም።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ደሴ ካለው ሰፈሬ ከሆጤ ተነሥቼ በሚኒባስ ቁልቁል እወርዳለሁ፤ ደሴ የደረብኩትን ሹራብ ኮምቦልቻ ስደርስ በክንዴ ይዤ ነው የምገባው። ሥራችን ባሕር ማዶ ያለ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት መዝገብ በደህና መቀመጡን መከታተል ነው። መዝገቡ ያለው ሜይንፍሬም በሚሉት ግዙፍ ኮምፒውተር ላይ ነው። ይህ ኮምፒውተር ድሮ መዝገቡን እንደ ካሴት ባለ ቴፕ ላይ ይገለብጥ ነበር። አሁን ቴፕ የሚባል ነገር የለም፤ የሚጽፈው ዲስክ ላይ ነው፣ እሱ ግን እስካሁን ቴፕ ላይ የሚጽፍ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ቴፕ ሁለት ቅጂ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ እዚያው፣ ሌላው ሌላ ከተማ። ቅጂው መድረሱን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር በየጠዋቱ ሪፖርት ያወጣል። እኔ አንብቤ፣ ስሜን ከታች አስፍሬ ለደንበኞቻችን ለኢንሹራንሱ ሰዎች እልከዋለሁ።

ያን ማክሰኞ ገጹ በሙሉ አረንጓዴ ነበር፤ ሁሉም ቅጂ ደርሷል ማለት ነው። የቴፖቹ ቁጥር ግን ካለፈው ሳምንት አነሰብኝ። ቴፕ እንዲህ በአንዴ አይቀንስም። የሶፍትዌሩን ቅንብር ከፍቼ ሳገላብጥ አንድ ሙሉ ምድብ ከቆጠራው እንዲወጣ ተደርጎ አገኘሁት። የሟች ቤተሰቦች ያስገቡት የካሳ ማመልከቻ የሚቀመጥበት ምድብ ነው። መልሼ ሳስገባው ገጹ ቀላ። ሁለተኛው ቅጂ ከቆመ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

ምድቡን ያወጡት አለቃችን ናቸው፤ ቅንብሩ ላይ ስማቸው ሰፍሯል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥራ አጥቼ ደሴ ስንከራተት ጠርተው የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ስጠይቃቸውም አልካዱም። ውሉ የሚታደሰው በዚያው ሳምንት እንደሆነ፣ ደንበኞቹ ቀይ ካዩ አሥራ አራታችንም ሜዳ ላይ እንደምንቀር፣ ችግሩም በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ወሬ እንደሚስተካከል ረጋ ብለው አስረዱኝ።

"አረንጓዴውን ላኪው" አሉኝ።

"ከሥሩ ያለው የኔ ስም ነው። አልልከውም።"

"እንግዲያው የኔን ስም አድርጊበት።"

"እርስዎ ራስዎ ያድርጉት፤ ወንበሩ ይኸውልዎ" ብዬ ተነሣሁላቸው።

አልተቀመጡም። ወጥተው ሄዱ። እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩና ቀዩን ላክሁት።

እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። በጦርነቱ ጊዜ የምትታከምበት ክሊኒክ ኮምፒውተሮቹ ተዘረፉ። ሲረጋጋ ይዣት ብሄድ "አይዟችሁ፣ ቅጂ አለ" አሉን። ቅጂው ሲከፈት ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ በየቀኑ "ተሟልቷል" ሲል ከርሟል፤ ማንም ከፍቶ አላየውም። እናቴ የዓመታት ምርመራዋን እንደገና ሀ ብላ ጀመረች። የክሊኒኩን ደረጃ ደግፌያት ስንወጣ የያዘኝ ንዴት እስካሁን አለቀቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ደንበኞቹ ደወሉ። በስልክ ስብሰባው ላይ አስረጂ ተባልኩ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳሁ። ለካ ሁለተኛው ከተማ ያለው ዲስክ ሞልቶ ኖሯል። በሁለት ቀን አስተካከሉት። ማንም አላመሰገነኝም። ለሁለት ዓመት ይታደሳል የተባለውን ውል ለስድስት ወር ብቻ አደሱት። ባልደረቦቼ ከእኔ ጋር ምሳ መብላት ተዉ። አለቃዬም ከእንግዲህ ስልክ እያነሣሽ ተቀመጪ አሉኝ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ታበረታታኛለች ብዬ ነበር።

"ልጄ፣ እኔ የክሊኒኩን ነገር ለአላህ ትቼዋለሁ። አንቺ ለምን ትሸከሚዋለሽ? አለቃሽን ይቅርታ በያቸው" አለችኝ።

እሷንም እምቢ አልኳት። ጠዋት ስወጣ ግን እስከ በሩ ተከትላኝ "አላህ ያግራልሽ" አለችኝ።

አለቃዬን ዝውውሩን በደብዳቤ ይስጡኝ አልኳቸው። ደብዳቤው ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱን መጻፍ አልቻሉም። እኔም በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የድሮ ወንበሬ ላይ እየተቀመጥኩ ሪፖርቴን አወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ የስልኩን ነገር ማንሣት ተዉ። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከዚያ በላይ አናወራም። ከባልደረቦቼ አንደኛዋ በቀደም ምሳዋን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ስድስቱ ወር ገና አላለቀም። ውሉ ይታደስ አይታደስ አላውቅም። በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ ከቆጠራ የወጡት ቴፖች ስንት እንደሆኑና ማን እንዳወጣቸው የምትናገር። አለቃዬ አንድ ቀን መጥተው "ይህቺ መስመር ብትቀር ምን ይመስልሻል?" አሉኝ።

"አትቀርም" አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋትም ከሪፖርቱ ጋር ሄዳለች።