ባሌ፣ እናቴ እና የተበላሸው ፍሪጅ

ባሌ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰው ፍሪጅ ጀርባ ተንበርክኮ ኖሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስትሮክ የመታውም እዚያው ነው። አንድ ደንበኛ ቤት እየሠራ ሳለ ካቻቪቴው ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሣው ሲል እጁ እምቢ አለው። የቤቱ እመቤት "ምነው፣ ምን ሆኑ?" ስትለው መልስ የሰጣት መሰለው፤ ከአፉ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ሴትዮዋ ብልህ ነች። ውሃ ላጠጣው፣ ትንሽ ይረፍ ሳትል ቀጥታ ሆስፒታል ወሰደችው። ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኛት ጎንበስ ብዬ ነው ሰላም የምላት።

ተረፈልኝ። ይሁን እንጂ ከሆስፒታል ይዤው የተመለስኩት ሰው ያ የማውቀው ሰው አልነበረም። ቀኝ እጁ እንደ ትርፍ ዕቃ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቀኝ እግሩ ይጎተታል፤ አንድ ቃል ለማውጣት ላብ በላብ ይሆናል። ድሮ ጨዋታ አዋቂ ነበር፣ ቤቱን በሣቅ የሚያፈርስ። አሁን ጭራሽ ዝም አለ። ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ ደግሞ እጁን ይዞ "አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለዋል። አንድ ቀን፣ ስንተኛው ሰው እንደሆነ እንጃ፣ ይህንኑ ብሎ ሲወጣ ባሌ ወደኔ ዞረና "እንቁላል... በቃኝ" አለ። በዚያ ወር ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነበር።

የቤታችን የፊት ክፍል ወርክሾፑ ነው። ከታመመ ወዲህ በሩ ተዘጋ። የመሣሪያ ሣጥኑ አቧራ ለበሰ፤ ደንበኞች ጥለዋቸው የቀሩ ሦስት ፍሪጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

እኔ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የዓመት ፈቃዴም፣ ያለ ደመወዝ የወሰድኩትም ወራት አለቀ። ልጃችን አግብታ ሩቅ ነው የምትኖረው። ማን ይዋልለት ብዬ ስጨነቅ እናቴ ደወለችና "እመጣለሁ፤ ለሦስት ወር ብቻ" አለችኝ። ደስም አለኝ፣ ደነገጥኩም። እናቴና ባሌ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ከ"እንደምን አደሩ" አልፈው አያውቁም። እናቴ ለእኔ ያሰበችው ባለ ቢሮ ሰው ነበር። እሱን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ በስልክ እንኳ "ባለካቻቪቴው ደህና ነው?" ነው የምትለኝ።

መጣች። በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ሰባት ዶሮዎች የታጨቁበት ካርቶን። "እነሱን ለማን ጥዬ ልምጣ?" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የመጀመሪያውን ሳምንት እሱ ግድግዳ ሲያይ፣ እሷ ዶሮ ስታይ አለፈ። በስምንተኛው ቀን እናቴ ወንበር ጓሮ አውጥታ አስቀመጠችው፤ የእህል ጣሳ ጭኑ ላይ አኖረችና "በትንላቸው" አለችው። በግራው ሊዘግን ሲል እጁን መታ አደረገችው።

"በዚያኛው።"

"አይ...ችልም።"

"ይችላል መች አልኩህ? ይፍሰስ። ዶሮ እንደሆነች የፈሰሰ ነው የምትወደው፤ አትስቅብህም።"

ፈሰሰ። ዶሮዎቹም ጫማው ላይ ወጥተው ለቀሙ። ማታ እናቴ ይህን እንደ ተራ ወሬ ስትነግረኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሆስፒታል ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ "ኳሷን ጨብጣት" እያለች ስንት ለምናው እምቢ ያለ ሰው ነው።

ከዚያ ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ማለዳ እናቴ ጓሮ ወጥታ ደርቃ ቀረች። ዶሮዎቹ የሚያድሩባት የጣውላ ቤት በሯ ተበርግዷል። አራቱ እዚያው ሞተው ተጋድመዋል፤ ሦስቱ ጣሪያ ላይ ወጥተው ተርፈዋል። እናቴ ምርመራ አላስፈለጋትም። የጎረቤታችን የጡረተኛዋ አስተማሪ ድመት አጥራችን ላይ ፀሐይ መሞቅ ትወዳለች። ፍርዱ እዚያው ተሰጠ።

"ቲቸር፣ ድመትዎን ወይ ይቅጧት ወይ ይሰሯት" አለች እናቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ።

"የኔ ድመት እኮ ጥርስ የላትም" አሉ ቲቸር።

"ዶሮ ለመግደል ጥርስ አያስፈልግም፤ ክፋት ይበቃል።"

ሁለቱ አሮጊቶች ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተኳረፉ።

ባሌ ግን የሞቱትን ዶሮዎች ትክ ብሎ ሲያይ ቆየ። "ድመት... አይደለም" አለ። እናቴ ዞረች። ዝገት እንደያዘው ብሎን እያንዳንዷን ቃል እየታገለ አወጣት። "ድመት... አንዷን ይዛ... ትሄዳለች። ይሄ... ገድሎ ነው... የተወው።" ከዚያ በግራ እጁ በሩን አሳየ። "መቀርቀሪያው... ላልቷል። ሲገፋ... ይነሣል።" በመጨረሻም "ዱቄት... ይበትኑ" አላት።

እናቴ በጭንቅላቱ የደረሰ ነገር አለ ብላ ሳትጠራጠር አልቀረችም። ቢሆንም ሦስቱን ዶሮዎች ወጥ ቤት ውስጥ አስገብታ በባዶው ዶሮ ቤት ዙሪያ ዱቄት ነሰነሰች። ጠዋት ዱቄቱ ላይ ጥቃቅን ዱካ፣ ከዱካው ኋላም ረጅም ጭራ የጠረገው መስመር ነበር። መስመሩ ቀጥታ ከግንቡ ሥር ወዳለው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ይሄዳል። የቲቸር ወፍራም ድመት በዚያ ቀዳዳ ጭንቅላቷም አያልፍም።

"ሸለምጥማጥ" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ ቲቸርን ይቅርታ መጠየቅ አለብሽ" አልኳት።

"መጀመሪያ ዶሮ ቤቱ ይሠራ።"

ወርክሾፑ ከዘጠኝ ወር በኋላ የተከፈተው እንዲህ ነው። ሲከፈት አላየሁም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስመለስ እናቴ ፒንሳ ይዛ፣ እሱ በግራ እጁ ወረቀት ላይ ጠማማ መስመር እያሰመረ፣ ሁለቱም ጭቅጭቅ ላይ ናቸው።

"ሽቦው... መሬት ላይ... አያልቅም። ከታች... ወደ ውጭ ይታጠፍ። ድንጋይ... ይጫንበት።"

"ወደ ውጭ ለምን? ዶሮው ያለው ውስጥ ነው።"

"የሚቆፍረው... ውጭ ነው ያለው፣ እማማ።"

እናቴ አሰበችበትና "ልክ ነህ" አለች። ከተጋባን ጀምሮ እናቴ ለዚህ ሰው "ልክ ነህ" ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቦርሳዬን እንደያዝኩ ወደ ኋላ ተመለስኩና የጠፋ ነገር የምፈልግ መሰልኩ።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። አውራ ጣት የማያሳልፍ ሽቦ በዙሪያውም በላዩም ዘረጉ፤ ከላይ ጭላት፣ ከታች ቆፋሪ እንዳይገባ። ለመስኮት ከአሮጌ ፍሪጆች የወጡ የሽቦ መደርደሪያዎችን አሰሩ። በሩ ላይ መቀርቀሪያ፣ መቀርቀሪያው ላይ ደግሞ በሞላ የሚያዝ መንጠቆ ገባ፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚከፍተው የሰው እጅ ብቻ ነው። የውሃ መውረጃውም በብረት ወንፊት ተከደነ። እናቴ ቀኝ እጁ ሆነች። "ይያዙ" ሲላት ትይዛለች፣ "ያጥብቁ" ሲላት ታጠብቃለች፣ ሲበዛባት "ቀስ ብለህ እዘዝ፣ ተቀጣሪህ አይደለሁም" ትለዋለች። ባሌ ሁልጊዜ ፍሪጅ የሚደክመው ማንም ከማያያት ቀዳዳ ነው ይላል። ዶሮ ቤቱንም እንደዚያው መረመረው፤ እሱ ከውስጥ ባትሪ ያበራል፣ እናቴ ከውጭ ሆና ብርሃን ያየችበትን ትደፍናለች።

ሸለምጥማጡ ተመልሶ መጥቷል። ድንጋዮቹ ሥር የጫረውን አይተናል። ሦስቱ ዶሮዎች ግን ቆጥ ላይ እንደተቀመጡ አነጉ።

እናቴም ቃሏን ጠበቀች። ስድስት እንቁላል በሳህን አድርጋ ቲቸር ቤት ሄደች። ቲቸር ሳህኑን አይተው "ይሄ ለኔ ነው ለድመቷ?" አሏት።

"ለድመቷ። ጥርስ አያስፈልገውም።"

ቲቸር በሣቅ በሩን ተደገፉ፤ ሁለቱም እስከ ማታ ሲጫወቱ ዋሉ።

እናቴን ያልተዋት ነገር የዶሮዎቹ ማነስ ነበር። "ሦስት ዶሮ ምን አላት? አንዷም ልታቅፍ አትልም፤ ጥላ ዞር ነው።" ባሌ ይህን ሲሰማ እየጎተተ ተነሣና ከተጣሉት ፍሪጆች የአንዱን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። "ይሄ... ያቅፋል" አለ።

ነገሩ ሲያስረዳን ቀላል ነው። የፍሪጅ ግድግዳ ብርድ አይሠራም፤ የሰጡትን ይዞ ማቆየት ነው ሥራው። ብርድ ከሰጡት ብርድ፣ ሙቀት ከሰጡት ሙቀት። ሁለት አምፖል፣ ከተጣለ ኮምፒዩተር የወጣች ትንሽ ማራገቢያ፣ ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲደርስ አምፖሎቹን የሚያጠፋ ቴርሞስታት፣ ከታች ለእርጥበት ውሃ ያለበት ትሪ፣ በሩ ላይ ደግሞ የመስታወት መስኮት። እንቁላሉን ቲቸር አመጡልን፤ የድሮ ተማሪያቸው አውራ ዶሮ ያላቸው ዶሮዎች ያረባል። ሃያ አራት እንቁላል ገባ።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ ሸሚዜን ልተኩስ ካውያ ይዤ መጣሁ። ሶኬቱ ተይዟል። ነቀልኩት፣ ተኮስኩ፣ ለበስኩ፣ ሥራ ሄድኩ። እነሱ ደግሞ የሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸውና በጠዋት ወጥተዋል። አመሻሽ ላይ ስንገናኝ ፍሪጁ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

እናቴ አፏን ከፈተች። ባሌ ግራ እጁን አነሣና አስቆማት። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ምልክት... አላደረግኩበትም።" ሦስት ቀን እንደገና አሙቆ ጠበቀ፤ በባትሪ ሲያይ የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ሃያ አራቱንም ጓሮ ቀበርናቸው። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

በማግስቱ ከሶኬቱ በላይ አንድ የካርቶን ቁራጭ ተለጥፎ አገኘሁ። ትልልቅ፣ ወዲያና ወዲህ የተንጋደዱ ፊደላት፦ "አይነቀልም።"

"በቀኙ ነው የጻፈው" አለችኝ እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አንድ ሰዓት ፈጀበት። ላግዝህ ብለው ገላመጠኝ።"

በእጮኝነታችን ጊዜ ስንት ደብዳቤ ጽፎልኛል። አንዱም እንደዚያ ካርቶን ልቤን አልነካውም።

ሁለተኛው ዙር በሌላ ሃያ አራት እንቁላል ተጀመረ። እንቁላሎቹን በአንድ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ በእርሳስ ምልክት አደረገባቸው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይገለበጣሉ። ገልባጩ ቀኝ እጁ ነው፤ እናቴ ሌላ እጅ አልፈቀደችም። የመጀመሪያው ቀን አንድ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አንድም አልተሰበረም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቶቹን እያጣጠፈች "ምን ስፖርት እየሠሩ ነው?" ስትለው "እንቁላል አገላብጣለሁ" አላት። ንግግሩ ተመልሶ የተበላሸ መስሏት ወደኔ አየች። እውነቱን ነው አልኳት።

በሰባተኛው ቀን አንዱን እንቁላል በባትሪ ብርሃን ላይ ይዞ እናቴን ጠራት። ውስጡ እንደ ዛፍ ሥር የተበተኑ ቀያይ የደም ሥሮች፣ መሃላቸው ደግሞ ትር ትር የምትል ነጥብ። እናቴ ዓይኗን ወደ እንቁላሉ አስጠጋች። "ስልሳ ዓመት ዶሮ አርብቻለሁ" አለች። "ይህን አይቼ አላውቅም። እስቲ ሌላውን አሳየኝ።" ሃያ ሦስቱንም አሳያት።

ሃያ አንደኛው ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ሦስታችንም ወርክሾፑ ውስጥ ወንበር ደርድረን በመስታወቱ እናያለን። እስከ ረፋድ አሥራ ስድስት ጫጩቶች ወጡ። አንዱ ግን ቅርፊቱን በስቶ መንቁሩን ካወጣ በኋላ ቆመ። ባሌ ሊልጥለት እጁን ሲሰድ እናቴ ያዘችው።

"ተወው። ብትልጥለት ይደማል። እናቱም ብትኖር አታግዘውም፤ አጠገቡ ነው የምትቀመጠው።"

እጁን እንደያዘችው ቀረች። እኩለ ቀን ሲሆን ጫጩቱ ራሱ ወጣ፤ እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ እየተንገዳገደ። አሥራ ሰባት ሆኑ። የቀሩት አልወጡም።

ሻይ አፍልቼ መጣሁ። ባሌ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ "እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለ፣ ቃሉ ሳይሰበር።

እናቴ ሻይዋን ታማስላለች። "ያኔ ለልጄ አትመጥናትም ብዬ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረህ?"

"እርስዎ ነዎት። በሠርጋችን ቀን።"

እናቴ አስታወሰችና ሣቋ ከሻይዋ ጋር አነቃት። ጀርባዋን የደበደበላት እሱ ነው።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። ቀኝ እጁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ፍሪጅ አያነሣም፣ ሲደክመው ቃላት ይጠፉበታል። ወርክሾፑ ግን በየቀኑ ይከፈታል። የተበላሹ ፍሪጆችን እየገዛ መፈልፈያ አድርጎ ይሸጣቸዋል፤ የዶሮ ቤት ሊያሠራ የሚመጣ ሲኖር ደግሞ እናቴ መቀመጫዋን ሳትለቅ ሽቦው ለምን ወደ ውጭ መታጠፍ እንዳለበት ታስረዳለች። ለሦስት ወር ነበር የመጣችው። መሄድ የሚባል ነገር አንስታ አታውቅም፤ እኛም አላነሣንም።

በሥራ ቦታ የእኔን ቤት የሚያውቁ ሰዎች "እንዴት ቻልሽው?" ይሉኛል። እኔ ምን ቻልኩ? ውሃ ላጠጣው ሳትል ሆስፒታል የወሰደችው ሴትዮ አለች። የቲቸር ትዕግሥት አለ። እናቴ አለች። እኔ እንዲያውም ሶኬት የነቀልኩት ነኝ። ተመስገን ከማለት በቀር የምለው የለኝም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ የሁለቱ ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማል። ከመጨረሻው ዙር ዘጠኝ አውራ ዶሮ ወጥቷል፤ እናቴ ስምንቱ ይሸጡ ትላለች፣ እሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሲጮኹ ደስ ይለኛል ይላል።

"አንድ አውራ ዶሮ አንድ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ዘጠኝ ምን ሊያደርግልህ ነው?"

"እማማ፣ እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብዬ የከረምኩ ሰው ነኝ። ትንሽ ጫጫታ ምናለበት?"

በሩ ላይ ቆሜ እስኪጨርሱ አዳመጥኳቸው።