የሁለት ሰው ጋላክሲ

በያጁ ባሏ በሕይወት ሳለ፣ ልብስ ሰፊዋ ቴሌስኮፑን «ጣውንቴ» ትለው ነበር። ሰማይ ከጠራ ሰውየው ቤት አይቀመጥም። ከበርና ከመስኮት ፍርግርግ በተረፈ ብረት ማቆሚያ በይዶ ጣሪያው ላይ ተክሏል፤ እዚያ ላይ ክንድ የማይሞላውን ቴሌስኮፑን ያስርና ካሜራ ገጥሞ የሩቅ ጋላክሲ ፎቶ ሲያነሳ ያመሻል። ሰፈሩ «የሰማይ ዘበኛ» የሚል ስም አወጣለት። ዘበኛው ግን ከጨረቃ ጋር አይዋደድም። «የሩቆቹን ብርሃን ታጠፋብኛለች» እያለ፣ ሙሉ ሆና በወጣች ቁጥር ያኮርፋል። ሚስቱ ደስ የሚላት ያኔ ነበር፤ አብረው እራት ይበላሉ።

አንድሮሜዳ የተባለችውን ጋላክሲ ማንሳት ጀምሮ ሳይጨርስ ሞተ። ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ፣ የብየዳ መነጽሩን እንዳጠለቀ ወደቀ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። እናቱ ግን አልተዋጠላቸውም። ከለቅሶው በኋላ ከምራታቸው ጋር ሊኖሩ መጥተው ገና ሳይረጋጉ፣

«ብርዱ ነው ልጄን የበላብኝ። ያንን ዕቃ ከፊቴ አርቂልኝ» አሏት።

እሺ አለች። አንጀቷ ግን አልቆርጥ አላት። በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከስፌት መኪናዋ ሥር ሸጎጠችው።

የባሏ ጓደኛ፣ ጎረቤት መድኃኒት ቤት የሚሠራው ፋርማሲስት፣ እሱም ሰማይ ፎቶ የሚያነሳ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቃት መጥቶ በወሬ መሃል፣ «አንድሮሜዳዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች» አላት። «በጣም ደብዛዛ ስለሆነች አንድ ፎቶ አይበቃትም። ብዙ ፎቶ በኮምፒዩተር ሲደራረብ ነው ጎልታ የምትወጣው።»

«የቀረውን ሌላ ሰው ቢያነሳስ? ከእሱ ጋር ይደረባል?»

«ለምን አይደረብም? ኮምፒዩተሩ ማን እንዳነሳው አይጠይቅ!»

ሲመሽ ቴሌስኮፑን ከሸጎጠችበት አውጥታ ጣሪያው ላይ ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ኮከቦቹ ተጎትተው የሩዝ ፍሬ መሰሉ። ፋርማሲስቱ አይቶ፣ ዕቃው የሰማዩን ዙረት ተከትሎ እንዲዞር በደንብ አልተስተካከለም አላት። ባሏ ይህንኑ ሲያስተካክል ስንት ጊዜ «ነይ እዪ» ብሎ ጠርቷታል! «ሥራ ይዣለሁ» ነበር መልሷ። ትዝ ሲላት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ እንደገና ሞከረች።

አማቷ ኮቴዋን ሰምተው ኖሮ፣ አንድ ምሽት ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ።

«አንቺንም ልትቀብሪኝ… አንቺንም ልቀብር ነው?» አሉ፣ ቃሉ ከአፋቸው እየተምታታ።

«እማዬ፣ የጀመረውን ልጨርስለት ብዬ ነው።»

አሮጊቷ የለበሱትን ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ወረዱ።

ብዙ ጥርት ያሉ ምሽቶች ካለፉ በኋላ፣ ፋርማሲስቱ የባልና የሚስቱን ፎቶዎች ደራርቦ በወረቀት አሳትሞ አመጣው። መሃሏ የሚያበራ፣ ዳርዳሯን ጥቁር አቧራ የጠቀለላት ጋላክሲ፣ በኮከብ መሃል ጋደም ብላለች። አማቷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«የልጄ የትኛው ነው? የአንቺስ?»

«አይለይም እማዬ። አንድ ላይ ሆኗል።»

ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ በዓይናቸው ማየት እንደሚፈልጉ ነገሯት።

በዚያው ምሽት ደግፋ አወጣቻቸው። ካሜራውን ነቅላ የዓይን ሌንሱን ገጠመችላቸው።

«ይቺ ጭጋግ ናት?» አሉ፣ ጎንበስ ብለው። «ለዚች ነው እንዲያ የተንገላታው?»

«ለእሷ ነው።»

ምራትየዋ ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ቀና አላሉም። ቆይተው፣ «ደበዘዘችብኝ» አሏት። ሌንሱን ጤዛ ይዞት እንደሆን ልታይ ስትጠጋ፣ ያረጠበው እንባቸው ነበር። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላቸው፤ እሳቸውም ተመልሰው አጎነበሱ።