አሥራ ስምንት የተሰጠው ወይን

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያርመው ነገር ያጣል። ይህ መምህር ግን አላጣም። ጡረታ ከመውጣቱ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ወይን ማረም ጀምሮ ነበር። ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም "አሥራ አራት" ነው፤ ከሃያ ከዚያ በላይ ሰጥቶ አያውቅምና። የገዛ ልጁ እንኳ እሱ ክፍል በተማረችበት ዓመት አሥራ አራት አግኝታ እያለቀሰች ወደ ቤት ገብታለች። እሱም ከኋላዋ ደረሰ፣ አብረው ምሳ በሉ፣ ስለ ውጤቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ነገሩ የተጀመረው በስጦታ ነው። ትምህርት ቤቱ ለሃያ አምስተኛ ዓመት አገልግሎቱ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ሰጠው። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ወይኑን ግን ቀመሰና እጁ ለምዶበት ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ፣ በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ። ማንም አልጠየቀውም። በሳምንቱ ሌላ ጠርሙስ ገዛ፣ በወሩ ሦስት ሆኑ። ሱስ ሲገባ እንግዳ መስሎ ነው፤ ቆይቶ ባለቤት ይሆናል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ወይን የሚያቀዘቅዝበት ምድር ቤት የለውም። ስለዚህ ልጁ ሩቅ ባለ የወይን እርሻ ሥራ አግኝታ ከቤት ስትወጣ፣ ቁም ሣጥኗን ወረሰ። በሩን ከውስጥ በብርድ ልብስ ለበጠው፣ ቴርሞሜትር ሰቀለበት፣ በሙቀት ወራት ጠርሙሶቹን እርጥብ ፎጣ ያለብሳቸዋል። የሚስቱ ካፖርቶች መጀመሪያ ወደ ኮሪደሩ፣ ቀጥሎም ወደ እህቷ ቤት ተሰደዱ። "የእኔ ልብስ ማደሪያ አጥቶ ጠርሙስ ብርድ ልብስ ለብሶ ይተኛል" ትላለች ለመጣ ለሄደው ሁሉ። ትላለች እንጂ ፎጣውን የምታርሰው እሷው ነች።

አስተራረሙ እንደ ፈተናው ነው። ለቀለም ሦስት፣ ለሽታ ስድስት፣ ለጣዕም ዘጠኝ፣ ከዋጡት በኋላ አፍ ላይ ለሚቆየው ነገር ሁለት። ቀለሙን የሚያየው ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ አጋድሞ ነው። ሽታውን መጀመሪያ በቀኝ አፍንጫው፣ ቀጥሎ በግራው ይስባል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ይደግማል። ከውጤቱ ጎን የሚጽፈው አንድ ቃል ብቻ ነው። "ቀጭን።" "ለፍላፊ።" "ይጠጣል።" ሰባት መቶ ያህል ጠርሙስ እንዲህ ታርሞ በአራት ደብተር ተቀምጦ ነበር፤ አሥራ አምስት የደረሰ አንድም አልነበረም።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጓደኞቹ ይመጣሉ። አንዱ ጥርስ ሐኪም ነው፤ ንግግሩ ቁጥብ፣ ወይን አመራረጡ ጥንቁቅ። ሌላው ከሕንፃው ሥር ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ ደግሞ ወይኑን ለጨዋታው ሲል የሚጠጣ ሰው ነው። እያንዳንዳቸው አንዳንድ ጠርሙስ ያመጣሉ፤ ሚስትየዋም ከቁም ሣጥኑ አንድ መርጣ ትጨምራለች። ሚስትየዋ ጠርሙሶቹን ወጥ ቤት ወስዳ፣ ልብስ ሰፊው ከመምህሩ አሮጌ ጋዋኖች ቆርጦ የሰፋቸውን እጅጌዎች ታለብሳቸዋለች። አንገታቸውን በክር አስራ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ትሰካባቸዋለች። የትኛው የማን እንደሆነ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ውጤት ተነቦ እስኪያልቅ ትንፍሽ አትልም። ሕጉ ይኸው ነው። በስምንት ዓመት ተጥሶ አያውቅም ነበር።

በአንዱ እንዲህ ባለ ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ሳይታሰብ ከች አለች። እጇ በወይን ቅርንጫፍ ተጫጭሯል፣ ከስታለች። መምህሩ ብርጭቆ ሲወለውል ሚስቱ ወጥ ቤት ጠራችውና በሩን ገርበብ አደረገች።

"ዛሬ እስክሪብቶህን ላላ አድርገው" አለችው።

"ለምን ሲባል?"

"የልጅህ ወይን ከመሃል አለ። ብቻዋን የጠመቀችው የመጀመሪያ በርሜሏ ነው። ሰኞ የእርሻው ባለቤት ይቀምሰዋል፤ ለብቻው በስሟ ይታሸግ ወይስ ከትልቁ ታንከር ጋር ይደባለቅ የሚለው ያን ዕለት ይለይለታል። ያንተን ማርክ ሳልሰማ አልሄድም ብላ ነው የመጣችው።"

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? ሕግ አለ እኮ!"

"እኔ ቁጥሩን ነገርኩህ? ሂድ ብርጭቆህን ወልውል።"

ተቆጥቶ ወጣ። ግን ቁጣው ሳሎን ሳይደርስ አለቀና ፍርሃት ተተካ። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሙሉ በርሜል አጥባለች፣ ዘለላ ተሸክማለች፣ የሌላ ሰው ወይን ጠምቃለች። አሁን የራሷን ይዛ መጥታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። መምህሩ በዕድሜው እንደዚያ ቀን አንድን ነገር ጥሩ ይሁን ብሎ ተመኝቶ አያውቅም።

አራት ጠርሙስ እጅጌውን ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ልጅቷም ብርጭቆ ተሰጣት፤ ወረቀት ግን አልወሰደችም። የመጀመሪያው ሥርዓት ያለው ወይን ነበር፤ አሥራ ሦስት። ሁለተኛው የታጨደ ሣር ይሸታል፤ አፍ ላይ ኮምጠጥ ይልና ሳይቆይ ይጠፋል። ብዙም ሳያስብበት ጻፈ። "አሥራ አንድ። ጮርቃ።"

ሦስተኛው ሲቀዳ በብርጭቆው ጠርዝ በኩል ልጁን ሰረቅ አድርጎ አየ። ቀመሰች፤ ወዲያው አንገቷን ደፋች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። ይሄ ነው አለ በልቡ። እንግዲህ አፍንጫውን ሰደደ። የረጠበ ካርቶን ሸተተው። ካርቶን አይደለም፣ የበርሜሉ እንጨት ነው አለ። በግራው ሲስበው አቼቶ ሆነበት። አቼቶስ ቢሆን? ድፍረት ነው፣ አዲስ አሠራር ነው። ሰው ለልጁ ሲል የገዛ አፍንጫውን ያስተባብላል። ሌላ ቀን ቢሆን ሰባት የማያገኝ ወይን ፊቱ ተቀምጦ፣ እጁ አሥራ ስምንት ብሎ ጻፈ። ከጎኑም "ድንቅ" ብሎ ጨመረበት። አራተኛውን ቀምሶ አሥራ አራት ሲሰጥ ልቡ ሦስተኛው ጋ ነበር።

ውጤት ተነበበ። "ሦስተኛው፣ አሥራ ስምንት" ብሎ መምህሩ ሲያነብ ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ልብስ ሰፊው ትን አለውና ጀርባው እስኪመታ ሳለ። መምህሩ ማንንም አላየም፤ የልጁን ፊት ነበር የሚያየው። እሷ ግን ግራ እንደተጋባች ሰው ነው ያየችው።

ሚስትየዋ እጅጌዎቹን ማውለቅ ጀመረች። የመጀመሪያው የሐኪሙ ነው። ሁለተኛው ሲወልቅ ምልክት የሌለው ጠርሙስ ወጣ፤ በነጭ ፕላስተር ላይ በእጅ ተጽፎበታል። ጽሕፈቱን መምህሩ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል።

ሦስተኛውን ለማውለቅ ሚስትየዋ እጇን ስትዘረጋ ልብስ ሰፊው ቀደማት። "እሱ እንኳ ይቅር" አለ። "ኧረ ተዪው በእናትሽ።"

"ምነው?"

"ወይን መግዛት ረስቼ ነበር። ከአማቴ ግብዣ የተረፈ የሦስት ጠርሙስ ትርፍራፊ ነበር፤ አንድ ላይ ገልብጬው መጣሁ። ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እኔ እኮ ሦስት ሰጥቶኝ እንስቃለን ብዬ ነው!"

የሳቀ የለም። ሐኪሙ ቅዳሜ ማታ ታካሚ እንዳለበት ትዝ አለው። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ከሶኬት ሳይነቅል እንደመጣ ተናገረ። ሁለቱም ደረጃውን ተከታትለው ወረዱ። መምህሩ ብርጭቆውን ወደ ሁለተኛው ጠርሙስ አስጠጋ።

"እስቲ ይሄን ደግሜ ልቅመሰው። ቸኩዬ ይሆናል። አየር ሲያገኝ ደግሞ..."

ልጅቷ መዳፏን ብርጭቆው አፍ ላይ ከደነች። "አትንካው አባዬ። ዛሬ እዚህ ቤት እውነት የተናገረው ይሄ አሥራ አንድ ብቻ ነው።"

"እኔ እኮ..."

"ሦስተኛውን የእኔ መስሎህ ነው። እኔ ያቀረቀርኩት ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነበር፤ ማን ይሆን ይሄን ጉድ ያመጣው ብዬ። አንተ ግን አይተኸኝ አሥራ ስምንት ሰጠኸው።" ድምጿ ተሰበረ። "እርሻው ላይ ሁሉም ቆንጆ ነው ይሉኛል። አለቃዬ ቆንጆ ነው ይላል፣ ለቃሚዎቹ ቆንጆ ነው ይላሉ። አንድ የማይዋሽ ሰው አለኝ ብዬ ነው ሌሊቱን አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ የተቀመጥኩት።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች እናት ከበሩ። "ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ ዝም ብል ምን ነበረበት።"

መምህሩ ብርጭቆውን ለቀቀ። ብዙ ተማሪ በውጤቱ ሲያለቅስ አይቷል፤ በውሸቱ ያለቀሰችበት ግን የመጀመሪያዋ የገዛ ልጁ ናት። አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

"ጮርቃ ምን ማለት ነው?" አለችው እንባዋን ጠርጋ። "ቁጥርና አንድ ቃል ነው የጻፍከው። በዚህ ምን ላድርግበት?"

ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብሎ ያስረዳት። ዘለላው ሳይደርስ እንደተለቀመ፣ ሣሩ የሚሸተው ከዚያ እንደሆነ፣ ከኮምጣጣው ሥር ግን ጥሩ ነገር እንዳለ፣ አሥር ቀን ቢጠበቅ ኖሮ ይወጣ እንደነበር። አሥር ቀን ሲል ራሷን ነቀነቀች።

"ዝናብ ይመጣል አሉ። ፈራሁና ለቀምኩት።"

"መጣ?"

"አልመጣም።"

የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀች። "ሰኞ ምን ልበለው?" አለች በመጨረሻ።

ይህን መመለስ አሥራ አንዱን ከመጻፍ ይበልጥ ከበደው። "ከትልቁ ጋር ደባልቂው" አላት። "በስምሽ አይውጣ።"

ሰኞ ቀትር ላይ ደወለች። "ደባለቅኩት" አለች። አባትየው አይዞሽ ለማለት አፉን ሲከፍት ቀጠለች፤ "ከእንግዲህ ግን የእኔን ወይን ስታርም የእኔ መሆኑን አታውቅም። ለእማዬም አልነግራትም። የእኔን በሱቅ ወይን ጠርሙስ ውስጥ እየገለበጥኩ፣ ምልክቱን ሳልልጥ ቡሹን መልሼ፣ በሐኪሙ በኩል ይሁን በልብስ ሰፊው በኩል እልክልሃለሁ። የትኛው ወር እንደሆነም አልናገርም። እጅጌው ሲወልቅም አታውቀውም።"

"እንዴት አድርጌ ነው ታዲያ..."

"እንደ ማንኛውም ወይን። ግን አስረዳ። የጻፍከውን እነሱ ይልኩልኛል።" ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። አምስተኛው ደብተር በሁለት ዓመት ውስጥ ሞልቶ ስድስተኛው ተጀምሯል፤ በወር የሚቀምሰው ጠርሙስ ግን አልጨመረም። ቅዳሜ ሲመጣ ቶሎ አያልቅም። ሐኪሙ መጽሐፍ ይዞ መምጣት ጀምሯል።

ባለፈው ወር ልብስ ሰፊው ያመጣው ጠርሙስ ዘጠኝ አገኘ። መምህሩ ግን መጻፉን አላቆመም። ቆዳው አብዝቶ እንደቆየ፣ በርሜሉ ያረጀ እንደሚመስል፣ ቀለሙ ላይ ግን የተጨነቀ እጅ እንደሚታይ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከየት መጀመር እንደሚሻል ጻፈ። ሁለተኛው ገጽ ሲገለበጥ ሚስትየዋ እጅጌውን አውልቃ ሳቀች። ጥግ ያለውን ሱቅ መደርደሪያ የሞላው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ርካሽ ወይን ነው።

ልብስ ሰፊው ምልክቱን እያሳየ፣ "በእውነት ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ እምልልሃለሁ" አለ። "ለዚህ ዝባዝንኬ ነው ሁለት ገጽ?"

መምህሩ ቀና አላለም። "ይሄንንም የሰው ልጅ ናት የጠመቀችው" አለና ሦስተኛውን ገጽ ጀመረ።