የቀጋ አምባው በረዶ መላሽ

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሬዲዮው «በዚህ ሳምንት በደባርቅ፣ በዳባትና በዙሪያቸው ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ሊጥል ይችላል» ሲል ልብስ ሰፊው አለነ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነበር። እግሩ ቆመ። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ትንበያ ሲሰማ ለሰብሉ ይጨነቃል፤ እሱ የተጨነቀው ለራሱ ነው።

አለነ በረዶ መላሽ ነዋ! ማለቴ፣ የቀጋ አምባ ሰው ነው እንዲያ ያለው። አባቱ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ሰማዩ ሲጠቁር መቋሚያቸውን ይዘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ይወጡና ይደግሙ ነበር። በረዶውም ይመለሳል ይባላል። ምን እንደሚደግሙ ለልጃቸው ሳይነግሩ ሞቱ። ልጁ ደግሞ ዳዊት ሳይጨርስ ከቆሎ ትምህርት ቤት የጠፋ፣ ሱሪና ቀሚስ ሰፍቶ የሚያድር ሰው ነው። የአባቱ ተዝካር ሰሞን ሰማዩ ሲያጉረመርም «እስቲ አንተ ውጣልን» አሉት። የአባቱን ስም ላለማሳፈር ወጣ። የሚለው ቢጠፋው አባታችን ሆይን ደጋገመ። በረዶው ሳይጥል ቀረ። አይ ጣጣ! ከዚያ ወዲህ መንደሩ ማሳውን ያርስለታል፣ ያጭድለታል፣ ይወቃለታል። «እኔ ምንም አላውቅም» እንዳይል፣ አባቱም ሲያታልሉ ኖሩ ሊባል ነው።

የዚህ ሳምንቱ ግን ባሰ። ከወንዙ ማዶ ላም ገደል ለደርቤ የተዳረችው አንዲት ልጁ ስጦታ ወንድ ወልዳ፣ የሕፃኑ አርባ ቀን እሑድ ይሞላል፤ ክርስትና ይነሣል። አርባ ቀን ደግሞ ወዲያና ወዲህ አይባልም። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ነው። ሚስቱ አራሷን ልትጠብቅ ከሄደች ሰንብታለች፤ እሱም የሚሄድበትን ቀን ሲናፍቅ ነው የከረመው።

ሬዲዮው ሳይዘጋ የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ክንዴ ከች አሉ።

«መሪጌታ፣ ወሬውን ሰምተዋል መቼም።»

«መሪጌታ አይደለሁም፣ አቶ ክንዴ።»

«እሺ መሪጌታ።»

«እሑድ ክርስትና አለብኝ። ቅዳሜ ሄጄ እሑድ ማታ እመጣለሁ።»

«እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ግን ገብሱ ገና ማሸቱ ነው፤ ስንዴውም አበባ ላይ ነው። በረዶው እሑድ ቢመጣስ?»

«ብኖርም ባልኖርም ያው ነው» የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ደረሰ። ነገር ግን ዘንድሮ ማሳውን ያረሱለት እኒሁ ሰውዬ ናቸው። ዋጠው።

ሳምንቱን በሙሉ ሲያጉረመርምና ሲዘንብ ከረመ። ሰዎቹ በገመድ ቢያስሩት ይሻለው ነበር። እነሱ ግን እርጎ ያመጣሉ፣ ጠላ ያመጣሉ፣ እግሩ ላይ ወድቀው ይስማሉ። ጎረቤቱ የሺዋስ «ለጨዋታ ነው» እያለ ደጃፉ ላይ ይውላል፤ አለነ ሽንት ቤት ሊሄድ ሲነሣ እሱም ይነሣል።

ቅዳሜ የሺዋስ ለምሳ ዘወር ሲል አለነ ጋቢውን ጣል አድርጎ ቁልቁል ወደ ወንዙ አመለጠ። ማምለጥ ሲባል እንግዲህ መንገዱ አጋማሽ ድረስ ነው። ከመታጠፊያው ላይ አቶ ክንዴ ትልቅ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው አጎንብሰው ቆመዋል። በዚያ አገር ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ ታልፎ አይኬድም። አለነ ድንጋዩን ከአንገታቸው አወረደና ተመለሰ።

ለስጦታ ደወለላት። «በረዶ ይመጣል ብለው ያዙኝ፣ ልጄ።»

«የሰው እህል አይደል፣ አባ? ቁምላቸው» አለችው። እሷም ታምናለች! ይኼ ደግሞ ከሁሉም ባሰበት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጨነቅ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። አለነን መቋሚያውን አስይዘው ጉብታው ላይ አወጡት። ከኋላው መንደሩ በሙሉ ቆሟል። ከፊቱ፣ ከገደሉ ማዶ፣ የስጦታ ቆርቆሮ ቤትና ነጭ የለበሱት የክርስትናው እንግዶች ይታዩታል። ደመናው እየተንደረደረ መጣ፣ ከወንዙ አፋፍ ሲደርስ ግን ወደ ላም ገደል ዞረ።

አለነ መቋሚያውን ከፍ አድርጎ ወደ ራሱ እየጠራ «ወደዚህ! ኧረ ወደዚህ!» ብሎ ጮኸ። ነጎድጓዱ ድምፁን ዋጠው። ከኋላው ያሉት ያዩት የሚወዛወዘውን መቋሚያ ብቻ ነው፤ እልል አሉ። ማዶው በነጭ በረዶ ተሸፈነ። ቀጋ አምባ ላይ ካፊያ እንኳ አልወረደም።

«እኔ አይደለሁም! እኔማ ወደዚህ ነው የጠራሁት!» አለ።

«አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ መመስገን አይወዱም» አሉ አቶ ክንዴ እያለቀሱ፣ መሬት ስመው።

ስልኩ ጮኸ።

«አባ፣ ገብሳችን እንዳለ ተኝቷል። አንድ ዘለላ አልቀረም» አለች ስጦታ። «ደርቤና ጎረቤቶቹ ደጅ ቆመው አባትሽ ነው የላከብን ይሉኛል። ወደ እኛ መለስኸው?»

«ማርያምን አልመለስሁም! እኔ በረዶ መመለስ አልችልም፣ ልጄ። ችዬም አላውቅም።» በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ ወጣ። ከኋላው እልልታው ቀልጧል፤ የሰማው የለም።

ስጦታ ግን ሰማች።

«ካልቻልህ» አለችው፣ «ለምን ቀረህ?»

ስልኩን እሷም አልዘጋችው፣ እሱም አልዘጋው። የልጅ ልጁ ከወዲያ በኩል ሲያለቅስ ይሰማዋል። ክርስትና ስሙን ማን እንዳሉት እንኳ አያውቅም፤ ለመጠየቅም አፍ አጣ።